አራት እልልታ

ዝናቡ ካልመጣ አንዘፍንም።
ጅማ ደግሞ ዝናብ አትነፍግም፤
ከቦዬ ረግረግ ተነሥቶ፣ በጅሬን ተረተር ዞሮ፣
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆርቆሮውን ሲደበድበው
"አሁን" ይላል ነጂብ።
በሩን እንቀረቅራለን።

የአባ ዲጋ እንጨት ቤት ነው፣ ከአዌቱ ድልድይ ወረድ ብሎ፤
ቅዳሜ ከሰዓት መጋዙ ያርፋል፣
የዋንዛው ብናኝ ግን አያርፍም፣
ጉሮሮ ገብቶ ከእኛ ጋር ይለማመዳል።
ባለሦስት እግር በርጩማ፣ ቀለም ያልነካው፣ ስድስት፤
እኛ አምስት።
ሽማግሌው ቁልፉን ሲሰጠን አንድ ነገር ብቻ አለ፦
"የእኔን ጆሮ መጋዙ ከበላው ቆይቷል።"

መፍቱሃ ሂርማታ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ስትሸጥ
ዋጋ የምትናገረው በጣቷ ነው።
አንድ ቃል ካመለጣት
መንገዱ በሙሉ ዞሮ ያያታል።
እዚህ ግን ከሆዷ ታወጣዋለች፤
መጀመሪያ ቃል የለውም፤ እ ብቻ፣ ረጅም እ፣
ጭነት ይዞ ወደ ሰቃ እንደሚወጣ አይሱዙ።
ነጂብ ከላይ ይቀበላታል።
ጋራዥ ውስጥ "ድምፅህ ገና አልጎረነነም?" እያሉ የሚስቁበት ነጂብ
እዚህ ቀጭኑን አይደብቀውም፤
እንደ ክር በእሷ ጎርናና ውስጥ ያሾልከዋል።

ሕጋችን አጭር ነው፦
የሰው ዘፈን አይዘፈንም፤ ከአፍ የመጣ ብቻ።
አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፣
የሳተ ካለ ስሕተቱን ሁላችን እንደግመዋለን
ዜማ እስኪሆን ድረስ።
ማንም ያላወጣው ሌላ ሕግም አለ፦
አማርኛ "አንተ" ብሎ ይፈርዳል፣ "አንቺ" ብሎ ይፈርዳል፣
"እኔ" ላይ ሲደርስ ግን አይጠይቅም።
"መጣሁ" ስል ማን ነህ፣ ማን ነሽ የሚል ፊደል የለበትም።
ስለዚህ ብዙ ጊዜ እዚያው እንቆያለን፣
መጣሁ፣ መጣሁ፣ መጣን፣
ሌንሳ በኦሮምኛ ትቀበላለች፦ ዱፍኔ፣ ዱፍኔ፣
በአንድ ቃል ግማሽ ሰዓት።

አንድ ቅዳሜ መፍቱሃ እዚያ መቆየት ሰለቻት።
ተነሣች። ብናኙን ከቀሚሷ አራገፈች።

   አንተ ሲሉኝ ኖረው መልስ ያጣው ጆሮዬ፣
   ስሙን ዛሬ ሰማ ሲሉት አንቺሆዬ።

ዝም አልን። ቆርቆሮው ብቻ ተቀበላት።
ቅኝቱን ነው የጠራችው፣ ወይስ ራሷን?
ማሲንቆ እንኳ የለን፣ የሚፈርድ።
ነጂብ በርጩማውን በመዳፉ መታ፦

   ያ ልብስ ሰፊ ለካኝ ትከሻዬን አይቶ፣
   ማን ይለካኝ ነበር ውስጤን ተመልክቶ።

ከዚያ ነገሩ ወደ ልደት ሄደ፣ እዚያው ዜማው ላይ፣ ሳናስበው።
"እኔ ስወለድ" አለች፣ "ሰባት ጊዜ እልል ተባለ፣
የጎረቤት ውሻ እስኪሸሽ።"
"ለእኔ ሦስት" አለ። "ሦስተኛዋም አጠር ያለች።"
"ታዲያ አራቱ ትርፌ ነው፤ ውሰደው።"

ወሰደ።
እሷ ትሰጣለች፣ እኛ እንቆጥራለን፦
አንድ፤ ዝናቡ ዋጠው።
ሁለት፤ ግማሹ ሳል ሆነ።
ሦስት፤ የሌንሳም ምላስ ገባበት።
አራተኛው ላይ ዝናቡ ድንገት አባራ።

እልልታው ብቻውን ቀረ፣ ራቁቱን፤
በመስኮቱ ወጣ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣
ከባጃጆቹ ጡሩንባ በላይ።
ውጭ አንድ ሰው
"ማን ወለደ?" ሲል ሰማን።

ማንም አልተነፈሰ።
ነጂብ እጁ አፉ ላይ ነው፤
እየሳቀ ይሁን እየፈራ እስካሁን አልነገረኝም።

ማታ ቁልፉን ስመልስ
አባ ዲጋ ጣውላ እየለካ ነበር። ቀና ሳይል፦
"ያቺ ጎርናናዋ ልጅ" አለ፣
"ውኃ ትጠጣ። ብናኝ ጉሮሮ ይጎዳል።"

ያቺ አለ።
እኔንስ ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ለመስማት
ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆየሁ።
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፣
መዶሻውን አነሣ።